የአያቴን የሸክላ ድስት እንዴት ወደ እሳት እንደመለስኩት

አያቴ ጎንደር ነበር የምትኖረው። ድስቱን የገዛችው ከወለቃ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብላ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለችው የሸክላ ሰሪዎች መንደር። ያኔ የሚሠሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች ነበሩ። ጭቃውን እንደ ገመድ እየጠቀለሉ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረቡ፣ ያለ ምንም መሽከርከሪያ በእጃቸው ያበጁት ነበር። ኋላ ወደ እስራኤል ሄዱ። በዘመቻ ሰሎሞን ብቻ፣ በ1983 ዓ.ም. ግንቦት 16 እና 17፣ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወስዷል። ወለቃ ዛሬም ሸክላ ይሸጣል። ያንን ድስት ያበጁት እጆች ግን እዚያ የሉም።

እኔ እጅ ሲገባ ጓዳ ውስጥ በጆንያ ተጠቅልሎ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነበር። ውስጡ የቆየ ቅቤ ይሸታል። ከንፈሩ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አለ። አንዱ ጆሮው ተሸርፏል። ዛሬ ሽሮም ዶሮም ይሠራበታል። እንዴት እዚህ እንደደረሰ ልንገራችሁ፤ እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ድስት ጥግ ይዞ የተቀመጠ ካለ ትጠቀሙበታላችሁ።

ምንም ሳትነኩ ወስኑ

ድስቱ ወደ እሳት ነው የሚመለሰው ወይስ ወደ መደርደሪያ? ይህን መጀመሪያ መወሰን ያለባችሁ ሥራው ሁለት የተለያየ ሥራ ስለሆነ ነው። ለመደርደሪያ የሚሆን ድስት በማስቲሽ ይጣበቃል፣ በጄሶ ይሞላል። ለእሳት የሚሆን ድስት ግን ማስቲሽ የሚባል ነገር ሊነካው አይገባም። ኢፖክሲም ሱፐር ግሉም በሙቀት ይለቃል፣ ይቃጠላል፣ ወጣችሁ ውስጥም ይገባል። «እሳት ይችላል» ተብሎ የተሸጠልኝን አንድ ማስቲሽ በሌላ የተሰበረ ሸክላ ላይ ሞክሬው አውቃለሁ። ከሰል ላይ ሩብ ሰዓት አልቆየም፣ ቤቱ በፕላስቲክ ሽታ ተሞላ፣ ስብርባሪውም ተላቀቀ።

ውሳኔው የስሜት ብቻ አይደለም፤ የድስቱ ጤና ነው የሚወስነው። ስለዚህ መርምሩት።

ምርመራ

ከሁሉ በፊት ፎቶ አንሱ፤ ከላይ፣ ከጎን፣ ከሥር፣ ከውስጥ። ከዚያ ቤት ያሉትን ትልልቅ ሰዎች ጠይቁ። ማን ገዛው? ምን ይሠራበት ነበር? በተለይ ደግሞ ይህን ጠይቁ፦ ምግብ ያልሆነ ነገር ተቀምጦበት ያውቃል? ሸክላ ቀዳዳዎቹ በዓይን አይታዩም እንጂ እንደ ስፖንጅ ነው፣ ያስቀመጡበትን ይመጥጣል። ናፍጣ፣ ላምባ፣ የተባይ መድኃኒት ወይም መድኃኒት የተነሰነሰበት የዘር እህል ተቀምጦበት ከሆነ ምንም ብታጥቡት ለምግብ አይሆንም። እዚህ ላይ ቸልታ የለም። በክብር መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት።

ቀጥሎ ድምፁን ስሙ። ድስቱን አንስታችሁ በአንድ እጅ መዳፍ ላይ አስቀምጡትና በሌላው እጅ ጣት አጠፍ አድርጋችሁ ሆዱን ኳ ኳ አድርጉ። ጤነኛ ሸክላ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ስንጥቅ ያለበት ድምፁ የታፈነ፣ የሚንሿሿ ዓይነት ነው። ዙሪያውን አዳርሱ፤ አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ከተለወጠ ስንጥቁ እዚያ አካባቢ ነው።

ከዚያ ማታ መብራት አጥፉና የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ድስቱ ውስጥ ክተቱት። በየትም በኩል ብርሃን ካያችሁ ስንጥቁ ከውስጥ እስከ ውጭ ዘልቋል ማለት ነው። እኔ ከንፈሩ ላይ ብቻ ነበር ያየሁት፣ እሱም ወደ ሁለት ጣት ያህል ወርዶ ቆሟል። ተስፋ ያገኘሁት ያን ማታ ነው።

መጨረሻ ላይ ሥሩን ነካ ነካ አድርጉ። እርጥብ ጣት አድርጋችሁ ስታሹት ጭቃ ሆኖ ከወጣ ወይም በአውራ ጣት ሲፋቅ እየፈረፈረ ከረገፈ፣ ሸክላው ሲጀመርም በደንብ አልተተኮሰም ወይም ሥሩ አርጅቷል። የእኛ አገር ሸክላ በክፍት እሳት ስለሚተኮስ አንዱ ጎን ከሌላው የላላ መሆኑ ያጋጥማል።

ፍርዱ እንዲህ ነው። ስንጥቁ ከንፈር ላይ ከሆነና ካልረዘመ፣ ወደ እሳት መመለስ ይችላል። ቂጡ ላይ የዘለቀ ስንጥቅ ካለ አይችልም። ጆሮው ብቻ ከሆነ የተሸረፈው፣ ምንም አይደል፤ እንዳለ ተዉት። ጆሮውን አጣብቆ ትኩስ ወጥ በዚያ ጆሮ ማንሳት ግን እግር ላይ የፈላ ወጥ መድፋት ነው። በሁለት ወፍራም ጨርቅ ሆዱን ይዛችሁ አንሱ።

ማጽዳት

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው ቅርስ የሚያበላሸው። የድስት ሽቦ አይነካውም። በረኪና አይነካውም። ፈሳሽ ሳሙናም አይነካውም፤ ሸክላው ሳሙናውን ይጠጣውና ቀጣዩ ወጥ ውስጥ ይመልስላችኋል። ውጪው ላይ ያለውን ጥቀርሻ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ለማስለቀቅ አትታገሉ። ያ ጥቁረት የአያቴ ማጀት ነው። የሚለቀው ልቅ ጥላሸት ብቻ ይልቀቅ፣ የተጣበቀው ይቆይ።

መጀመሪያ በደረቁ ነው። ለስለስ ባለ ብሩሽ፣ የቆየ የጥርስ ብሩሽም ይሆናል፣ አቧራውን፣ የሸረሪት ድሩን፣ የረገፈውን ጥቀርሻ አውርዱ። ስንጥቅ ያለበት ቦታ ላይ ስንጥቁን ተከትላችሁ ጥረጉ፣ አቋርጣችሁ አትጥረጉ።

ቀጥሎ ለብ ባለ ውኃና በጨርቅ። ውስጡ የደረቀ ምግብ ካለ፣ በወንፊት የተነፋ የእንጨት አመድ ወይም ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውኃ ለውሱና ቀቡት፣ ሩብ ሰዓት አቆዩት፣ ከዚያ በእንጨት ማንኪያ ጠርዝ ቀስ እያላችሁ አንሱት። አመድ የእናቶቻችን ሳሙና ነው፣ ቅባት የሚያነሳውም በምክንያት ነው፤ ውስጡ ያለው አልካሊ ቅባቱን ይቆርጠዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሙት እንጂ በአንድ ቀን ለመጨረስ አትፈግፍጉ።

አንዳንድ ድስት ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከሸክላው ውስጥ እየወጣ ታያላችሁ። ሻጋታ ሊመስላችሁ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ጨው ነው። ዓመታት የጠጣው ጨው ከእርጥበት ጋር ወደ ላይ እየወጣ ይደርቃል፣ ሲደርቅም ሸክላውን ይሸርፋል። መፍትሔው ንጹሕ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍና በየቀኑ ውኃውን መለወጥ ነው። ድስቱ ደርቆ ዱቄቱ ካልተመለሰ ጨርሳችኋል። በጣቱ ምርመራ ጭቃ የሆነ ሸክላ ግን አይዘፈዘፍም።

አሁን ወደ ሽታው። የእኔ ትልቁ ችግር እሱ ነበር። ቅቤው ሸክላው ውስጥ ገብቶ ስለተበላሸ በማጠብ አይወጣም፣ በሙቀት ነው የሚወጣው። ድስቱ በደንብ ከደረቀ በኋላ (ማድረቁን ከታች እነግራችኋለሁ፣ ሳታነቡት እዚህ እንዳትጀምሩ) ቀዝቃዛ ኦቨን ውስጥ ባዶውን አስገቡት። ኦቨኑን በ50 ዲግሪ ጀምሩ። በየግማሽ ሰዓቱ 30 ዲግሪ ጨምሩ፣ 200 እስኪደርስ። እዚያ ላይ አንድ ሰዓት አቆዩት። መስኮት ክፈቱ፣ ይሸታል። ከዚያ አጥፉትና በሩን ሳትከፍቱ እስከ ጠዋት ተዉት። እኔ ሁለት ጊዜ ነው ያደረግሁት፤ በሁለተኛው ማግስት አፍንጫዬን ውስጡ ከትቼ ስሸተው አፈር አፈር ብቻ አለኝ። ኦቨን ከሌላችሁ ከደከመ ከሰል ጎን፣ ላዩ ላይ ሳይሆን ጎኑ፣ እያዟዟራችሁ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ማሞቅ ይቻላል።

ማድረቅ

ከዚህ ድስት በፊት አንድ ወጭት አጥቻለሁ። ጠዋት አጠብኩት፣ ከላይ ሲታይ ደርቋል፣ ማታ ጋዝ ላይ ጣድኩት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጧ ብሎ ሥሩ ተፈነጠረ። ምክንያቱን ያወቅሁት በኋላ ነው። ሸክላው ውስጥ የቀረው ውኃ እንፋሎት ሲሆን መጠኑ ከ1,600 ጊዜ በላይ ይጨምራል፣ መውጫ ካጣ ግድግዳውን ሰብሮ ይወጣል።

ስለዚህ ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ሁለት እንጨት ላይ ደፍታችሁ አድርቁት። ፀሐይ ላይ አይደለም፤ አንዱ ጎን ቀድሞ ደርቆ ሲኮማተር ስንጥቁን ይስበዋል። ስንት ቀን ነው ለሚል ሰው መልሴ የወጥ ቤት ሚዛን ነው። በየቀኑ መዝኑት። ክብደቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ሦስት ቀን በተከታታይ ያው ከሆነ ደርቋል። የእኔ በ9 ቀን ነው የደረቀው፣ ክረምት ላይ የጀመረ ሰው ሁለት ሳምንት ቢጠብቅ ይሻላል።

ከንፈር ላይ ያለ ስንጥቅ

የፀጉር ያህል ስንጥቅን የምንዘጋው በምግብ ነው። ስታርች ያለው ነገር በቀስታ ሲፈላ አብጦ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ይገባል፣ ሲደርቅ እዚያው ይቀራል። ጃፓኖችም አዲስ የሸክላ ድስታቸውን የሚያሟሹት በሩዝ ገንፎ ነው። እኔ የአጃ አጥሚት ነው የተጠቀምኩት።

አጥሚቱን ቀጠን አድርጋችሁ በጥብጡት፤ በአንድ ሊትር ውኃ ሦስት ሾርባ ማንኪያ የአጃ ዱቄት ይበቃል። ገና ቀዝቃዛ እንዳለ ድስቱ ውስጥ ጨምሩት፣ ከስንጥቁ የታችኛው ጫፍ በላይ እንዲደርስ። በጣም ዝቅተኛ እሳት ላይ ጣዱት። ለመፍላት ከአንድ ሰዓት በታች ከወሰደበት እሳቱ በዝቷል። እየተንከተከተ አንድ ሰዓት ይቆይ፣ አማስሉት። አጥፉና አጥሚቱ ውስጡ እንዳለ ይደር። ስንጥቁ ላይ ውጪውን እያያችሁ ቆዩ፤ መጀመሪያ ወዝ ወዝ ይላል፣ ኋላ ይቆማል። ጠዋት ድፉት፣ በውኃ ብቻ አለቅልቁት፣ እንደገና አድርቁት። ካልቆመ ድገሙት። ሦስት ጊዜ ተደርጎ ካልቆመ ግን ድስቱ መልሱን ሰጥቷችኋል፣ ወደ መደርደሪያ ነው።

ወተት የሚያፈሉበትም አሉ፣ ይሠራል። ግን ወተቱ በደንብ ካልደረቀ ይሸታል፣ እኔ ከሽታ ጋር ስታገል ስለከረምኩ አልሞከርኩትም።

ማሟሸት

ምጣድ ያሟሸ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጎመን ዘር ውሰዱ፣ ቆላ አድርጉና ውቀጡት፣ ዘይቱ ወዛ ወዛ እስኪል። ድስቱን በቀስታ አሙቁት፣ እጃችሁን ውስጡ ስታስጠጉ ሙቀቱ በደንብ እስኪሰማችሁ ድረስ። የተወቀጠውን ጎመን ዘር በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ቋጥራችሁ ውስጡን እሹት፤ ከሥር ጀምሮ ወደ ላይ፣ እየዞራችሁ። ሸክላው ዘይቱን ይጠጣል። ሲጠጣ ጨምሩ። ሲበቃው ላዩ ያብረቀርቃል፣ እዚያ ጋ አቁሙና ትርፉን ጥረጉ፤ የተረፈ ዘይት ደርቆ ሙጫ ይሆናል።

ጎመን ዘር የማታገኙ፣ በተለይ ውጭ አገር ያላችሁ፣ የተልባ ዘይት ተጠቀሙ። የኑግ ዘይትም ጥሩ ነው። የሚፈለገው በሙቀት የሚደርቅና ቆዳ የሚሠራ ዘይት ነው። የወይራ ዘይት እንደዚያ አይደርቅም። ቅቤማ አይሆንም፤ ለ20 ዓመት ሲሸት የከረመው እሱ ነው።

ይህን ሦስት ቀን ደጋግሙት፣ በየቀኑ አንዴ። ቀለሙ ከግራጫ ወደ ጥቁር ቡናማ ሲሄድ ታዩታላችሁ። ውኃ ጠብ አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ጠብታው ሳይሰርግ ክብ ብሎ ከቆየ ተሟሽቷል።

እሳት ላይ

የአያቴ ድስት ቂጡ ክብ ነው፣ ለሦስት ጉልቻ ነው የተሠራው። ከሰል ምድጃ ይስማማዋል። ጋዝ ላይ የምትጠቀሙ ከሆነ በድስቱና በእሳቱ መሀል ወፍራም የብረት ሳህን ወይም ሙቀት ማከፋፈያ አድርጉ፤ ነበልባሉ አንድ ቦታ ብቻ እንዳይመታው። ጠፍጣፋ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ክብ ቂጥ አይቆምም፣ አትታገሉ። ኢንዳክሽን የሚባለው ምድጃ ደግሞ ሸክላን ጭራሽ አያሞቅም።

የመጀመሪያው ምግብ ንፍሮ ይሁን። ውኃ የበዛበት፣ ረጅም ሰዓት በቀስታ የሚበስል ነው፣ ድስቱን አያስደነግጠውም። ቀጥሎ ጎመን። ከዚያ ሽሮ። ቲማቲምና ሎሚ የበዛበትን ነገር ከስድስት ሰባት ጊዜ በኋላ አድርጉት፣ ኮምጣጣ ነገር ገና ያልጠነከረውን ማሟሻ ይበላዋል።

ዶሮ ወጥ ላይ ግን ልብ በሉ። እኛ ሽንኩርት በደረቁ ነው የምናቁላላው፣ ሊያርር ሲል ውኃ ጠብ እያደረግን። ብረት ድስት ላይ ምንም አይደል። የጋለ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ጠብ ማድረግ ድስቱን መሰንጠቅ ነው። ከጎናችሁ የፈላ ውኃ በጀበናም በማንቆርቆሪያም ይኑር፣ ከእሱ ብቻ ጨምሩ። እኔ ቁሌቱን በሌላ ድስት ግማሽ አድርሼ ነው ወደ ሸክላው የማዞረው፣ ሸክላውን ጎን ለጎን እያሞቅሁ። እናቴ ይህን አትወድም፣ ከመጀመሪያው እሱ ላይ ካልሆነ ጣዕሙ ይጎድላል ትላለች። ጣዕሙ ላይ ልክ ናት። ድስቱ ግን አንድ ነው።

አውርዳችሁ ሊሾ ላይ ወይም እርጥብ ቦታ እንዳታስቀምጡት። ጨርቅ ጠምጥማችሁ እንደ ቀለበት ሥሩ አድርጉለት።

ወደ መደርደሪያ ለሚሄደው

ገል ሆኖ የደረሳችሁ ካለ፣ ትንሿን ስባሪ ሳይቀር ሰብስቡ። ጠርዞቹን በብሩሽ አጽዱ። ማስቲሽ ሳትነኩ በደረቁ ግጠሙት፣ በወረቀት ፕላስተር እያያያዛችሁ፣ ከቂጥ ወደ ላይ። በእርሳስ ከውስጥ በኩል ቁጥር ጻፉባቸው። ይህን የሚዘል ሰው መጨረሻ ላይ አንድ ስባሪ የሚገባበት ቀዳዳ ተዘግቶ ያገኘዋል።

ማጣበቂያው ተመልሶ የሚለቅ ይሁን፤ ነገ ልጃችሁ ከእናንተ የተሻለ መሥራት ሊፈልግ ይችላል። ሙዚየሞች የሚጠቀሙት ፓራሎይድ ቢ 72 የሚባል ሙጫ አለ፣ በአሴቶን የሚሟሟ። ውጭ አገር ለምትኖሩ ማግኘቱ አይከብድም። ሸክላ ስለሚጠጣ መጀመሪያ ጠርዙን በቀጭኑ ቀቡት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ወፈር ባለው አጣብቁ። አሸዋ የሞላ ካርቶን ውስጥ ስባሪውን ሚዛኑን ጠብቃችሁ አቁሙና 24 ሰዓት ተዉት። ከተሳሳታችሁ አሴቶን ይፈታዋል። አንድ ነገር ብቻ፦ 40 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ፣ እንጀራ የሚጋገርበት ክፍል ውስጥ፣ ዱባይ ላይ ደግሞ መኪና ውስጥ አይቀመጥም። እሱን ያላገኘ በነጭ ኮላ ያጣብቅ። ደካማ ነው፣ ግን ለብ ባለ ውኃ ይለቃል።

የጎደለውን ቦታ በጄሶ ሙሉ። ቀለሙን ከሸክላው ጋር አቀራርቡት እንጂ አንድ አታድርጉት፤ የእናንተ ሥራ የቱ እንደሆነ ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ይታወቅ።

አቀማመጥና ጉዞ

ከተጠቀማችሁ በኋላ በሙቅ ውኃ ብቻ እጠቡ፣ አድርቁ፣ ክዳኑን ሳትገጥሙ አስቀምጡ። ሌላ ዕቃ አትደርቡበት። ወር ያህል ካልተጠቀማችሁበት ቀጭን ዘይት ቀብታችሁ አንድ ጊዜ አሙቁት።

ከኢትዮጵያ ይዛችሁ ለመውጣት የምታስቡ፣ አሮጌ ዕቃ ኤርፖርት ላይ ሊያዝ ስለሚችል ቀድማችሁ ከቅርስ ባለሥልጣን ማረጋገጫ አውጡ። የጉዞው ቀን ሳይሆን ሳምንት ቀደም ብላችሁ። በእጅ ሻንጣ ያዙት፣ ውስጡን በልብስ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ሙሉት፣ ውጪውን በጋቢ ጠቅልሉት።

እኔ አንድ ወረቀት ጽፌ ድስቱ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ከወለቃ እንደተገዛ፣ ማን ለማን እንዳወረሰው፣ መቼ እንደተሟሸ፣ በምን። ማስቲሽ እንዳልነካውም ጽፌያለሁ።